ለጂንሆክ ነፍስ የተለቀቁ ድንቢጦች

በደቡብ ታይዋን፣ ወንዙ ባሕር ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ ከመንገዱ ዳር አንዲት የአውቶቡስ መጠበቂያ አለች። ጣሪያዋ ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ ሲወርድባት እንኳን የሰው ንግግር የገዛ ሐሳብም አይሰማም። ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ዕለት ማለዳ፣ ወይዘሮ ሲዮክቢ በጨርቅ የተሸፈነ የቀርከሃ ቅርጫት ታቅፈው እዚያች መጠበቂያ ሥር ቆመው ነበር። በቅርጫቱ ውስጥ ድንቢጦች ይንጫጫሉ። አውቶቡሱ ዘግይቷል፤ ወይዘሮ ሲዮክቢም ሹፌሩን፣ የሹፌሩን አለቃና ዝናቡን በየተራ ይረግማሉ።

እኚህ ሴት በገበያው መሀል በቀርከሃ ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ እየቀቀሉ የሚሸጡ ባልቴት ናቸው። እጃቸው ፈጣን ነው፤ ምላሳቸው ግን ከእጃቸው ይቀድማል። ባላቸው ጂንሆክ ከሞቱ ወዲህ ጨረቃ ሙሉ በሆነች ቁጥር ከወንዙ ዳር ወዳለው ቤተ መቅደስ እየሄዱ ወፍ ይለቃሉ። የታሰረን ፍጡር ነጻ ማውጣት ትልቅ ጽድቅ ነው፤ ጽድቁም በጸሎት ለሞተ ሰው ይሻገራል ተብሎ ይታመናል። ጎረቤቶቻቸው “እንዴት ያለች ደግ ሴት” ይሏቸዋል። ወይዘሮ ሲዮክቢ ግን ወፍ የሚለቁት ከደግነት ይልቅ ከፍርሃት የተነሣ ነበር፤ ፍርሃታቸውንም ለማንም ተናግረው አያውቁም።

ዝናቡ ጋብ ሲል አንዲት ወጣት መነኩሲት ጃንጥላዋን እያራገፈች ገባች። ጭንቅላቷ የተላጨ፣ ግራጫ ቀሚስ የለበሰች፣ መነጽሯን እንፋሎት የሸፈነው ልጅ ናት። ስሟ ሁዪራን ይባላል። ከመመንኮሷ በፊት ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለ እንስሳት አኗኗር ተምራለች፤ ወደ ወንዙ ዳር ቤተ መቅደስ የተላከችው በቅርቡ ነው።

“አሚቶፎ፣ መምህርት” አሉ ወይዘሮ ሲዮክቢ፣ ቅርጫቱን በክርናቸው ደግፈው መዳፎቻቸውን እያጋጠሙ። ይህ የቡድሃ ስም በዚያ አገር ለደህና አደሩም ለደህና ዋሉም ያገለግላል።

“አሚቶፎ፣ አክስቴ። አውቶቡሱ አለፈ እንዴ?”

“ቢያልፍማ እኔን እዚህ ምን አቆመኝ? ሹፌራችን ቁርሱን በልቶ፣ ሚስቱን ተሰናብቶ፣ ተመልሶ ሌላ ቁርስ በልቶ ነው የሚመጣው።”

መነኩሲቷ ሳቀችና መነጽሯን በእጅጌዋ ጠረገች። “ቅርጫቱ ውስጥ ወፎች ናቸው?”

“ድንቢጦች ናቸው። ዛሬ የሚለቀቁ!” ወይዘሮ ሲዮክቢ ደረታቸውን ነፋ አደረጉ። መነኩሲት ፊት እንዲህ ያለ ቅርጫት ይዞ መታየት ደስ ይላል። “አንድም ወር አጓድዬ አላውቅም። ያ ትልቁ አውሎ ነፋስ የመጣ ዕለት እንኳ የቤቴ ቆርቆሮ እየተነቀለ ለቅቄአለሁ።”

“በአውሎ ነፋስ?”

“እና!”

“ወፎቹ ታዲያ ወዴት ሄዱ?”

ወይዘሮ ሲዮክቢ ይህንን አስበውት አያውቁም ነበር። “ወደፈለጉበት ነዋ! ነጻ ናቸው እኮ” አሉና ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ።

መነኩሲቷ ለወፎቹ ውሃ ልትሰጣቸው ፈቃድ ጠየቀች። ጨርቁ ገለጥ ሲል ድንቢጦቹ እየተረጋገጡ ወደ አንድ ጥግ ሸሹ። ከታች፣ ከሣሩ ላይ፣ ሁለት ወፎች እግራቸውን ወደ ላይ ሰቅለው ተዘርግተዋል።

“እነዚህ ሞተዋል፣ አክስቴ።”

“ሁልጊዜ አንድ ሁለቱ ይሞታሉ። ቀናቸው ደርሶ ነው።”

“ቀናቸውን ማን አደረሰው?”

ይህን ጊዜ የወይዘሮ ሲዮክቢ ጆሮ ቀላ። “መምህርት፣ አይቆጡኝና እርስዎ ገና ልጅ ነዎት። እርስዎ የትምህርት ቤት ቦርሳ ተሸክመው ሲሮጡ እኔ ወፍ እለቅ ነበር። ጸጉር መላጨት ቀላል ነው፤ ማደግ ግን ዕድሜ ይጠይቃል።”

“ልክ ነዎት፣ ለዚህም ነው የምጠይቅዎት” አለች ሁዪራን ሳትቀየም። “ለማን ብለው ነው የሚለቁት?”

“ለባሌ።”

“ባለቤትዎ ወፍ ይወዱ ነበር?”

“በጣም። ተጠብሶ።”

ሁለቱም መሳቅ አማራቸው፤ ግን ሟችን አክብረው ዋጥ አደረጉት። ሆኖም ሳቅ መጥቶ ሲመለስ የዘጋነውን በር ገርበብ አድርጎት ይሄዳል። ወይዘሮ ሲዮክቢም ለጎረቤት ያልነገሩትን ለዚች ለማያውቋት ልጅ ይነግሯት ጀመር።

ጂንሆክ ወፍ አጥማጅ ነበሩ። በመኸር ከሰሜን የሚመጡት ወፎች ባሕሩን ከመሻገራቸው በፊት በከተማዋ ጀርባ ባለው ኮረብታ ላይ ያርፋሉ። ደክሟቸው ስለሚመጡ ያገኙት እንጨት ላይ ይቀመጣሉ። ጂንሆክም እነሱ ሊያርፉባቸው የሚመቹ፣ የገመድ ወጥመድ የታሰረባቸው የቀርከሃ ዱላዎች ኮረብታው ላይ ይተክሉ ነበር። ወፉ ሲያርፍ ገመዱ ይፈተለካል፣ ሁለት እግሩንም ይሰብረዋል። የተያዘው ተጠብሶ በመንገድ ዳር ይሸጣል። ያ ዱሮ የማያሳፍር ሥራ ነበር፤ ኋላ መንግሥት ከለከለው። ከዚያ በኋላ ጂንሆክ እግራቸውን ቆሰሉ። ቁስሉ አልድን አለ፣ ጠቆረ፣ አንደኛው እግር ተቆረጠ፣ ቀጥሎም ሌላኛው።

“የሰበረውን እግር በእግሩ ከፈለ” አሉ ወይዘሮ ሲዮክቢ። ድምፃቸው ቀጠነ። “እዚህ እንዲህ ከከፈለ እዚያ ማዶ ምን እየከፈለ ይሆን? አንዳንዴ በሕልሜ ይመጣል። እንጨት ላይ ቆሞ፣ እግሩ ታስሮ። ‘ሲዮክቢ፣ ፍቺኝ’ ይለኛል። እኔ ለእሱ ካልለቀቅሁ ማን ይለቅለታል? ልጅ የለን፣ ዘመድ የለን፤ ያ ከንቱ የወንድሙ ልጅ ኪምታት ብቻ ነው ያለው።”

“የስኳር በሽታ ነበረባቸው?”

“ነበረበት። ግን ስኳር ለምን እሱን መረጠው?”

“ሌላ የሚያውቁት ሰው የለም፣ በስኳር እግሩን ያጣ?”

ወይዘሮ ሲዮክቢ ትንሽ አሰቡና ሳይወዱ በግድ፣ “መምህር ሊያኦ አለ፣ ጎረቤቴ። እሱ እንኳ ትንኝ በወረቀት ይዞ በመስኮት የሚያስወጣ ሰው ነበር” አሉ።

“እንግዲህ ያዩታል። አክስቴ፣ ሥራችን ፍሬ አለው ብለን እናምናለን፤ እኔም አምናለሁ። ግን የሥራ ፍሬ ዱላ ይዞ የሚያሳድድ ፖሊስ አይደለም። ‘አንተ ወፍ ሰብረሃል፣ እግርህን አምጣ’ ብሎ ፋይል አያወጣም።”

“እንግዲያው ሰው ለምን ይኖራል? ንገሪኛ!” ወይዘሮ ሲዮክቢ “እርስዎ” ማለቱን ረሱት። “እኔ ሰው የሚኖረው የራሱን በደል፣ ካልሆነም የወዳጁን በደል ለመካስ ነው ብዬ ነው የተቀመጥኩት። ሩዝ የምጠቀልለው ለዚያ ነው። የምነሣው ለዚያ ነው። ይህንን ከወሰድሽብኝ ምን ይተርፈኛል?”

ጥያቄው የትምህርት ቤት ጥያቄ አልነበረም። ሁዪራን በገዳሟ ውስጥ ስለ ሕይወት ትርጉም ብዙ ንግግር ሰምታ፣ ብዙም ጽፋ ነበር፤ እንዲህ ቅርጫት ታቅፎ ዓይን ዓይኗን እያየ የሚጠይቃት ሰው ግን ገና አልገጠማትም። ስለዚህ ከመመለሷ በፊት ትንሽ ቆየች። በመቆየቷም ደግ አደረገች፤ ፈጥኖ የሚመልስ ሰው ብዙ ጊዜ የሚመልሰው ለራሱ ነው።

“አክስቴ፣ የሰናፍጭ ጎመን ያኮመጥጣሉ?”

“ወሬ ልትቀይሪ ነው? አኮመጥጣለሁ። በዚህ ከተማ እንደ እኔ የሚያኮመጥጥ ካለ ይምጣ!”

“ለአዲሱ ማሰሮ ከአሮጌው ውሃ ይጨምሩበታል?”

“እንዴታ! የአማቴ ውሃ ነው። እሷም ከአማቷ ነው የወሰደችው።”

“ታዲያ የአማትዎ ጎመን ዛሬም ማሰሮው ውስጥ አለ?”

“ምን ነካሽ? ጎመኑማ ድሮ ተበላ።”

“ጣዕሙስ?”

ወይዘሮ ሲዮክቢ መልሱን ከማውጣታቸው በፊት መንገዱን አዩ፣ ቅርጫቱን አዩ። “ጣዕሙማ አለ” አሉ።

“ከአንድ ሕይወት ወደ ሌላው የሚሻገረውም እንዲሁ ነው። ጎመኑ አይሻገርም፤ ጣዕሙ ነው የሚሻገረው። ባለቤትዎ የሠሩት፣ የለመዱት፣ የተመኙት ሁሉ ከእሳቸው ወጥቶ ወደ ሌላ ሄዷል። አብዛኛው የት እንደደረሰ እኔ አላውቅም፤ አውቃለሁ ብልዎት እዋሻለሁ። ጥቂቱ ግን እዚህ ፊቴ ቆሟል፣ እርስዎ ጋ ነው ያለው። ከዚያ ውስጥ ፍርሃቱን ብቻ መርጠው እያሳደጉት መሰለኝ። ቡድሃ ሕይወትን እንደ ቅጣት እንድንጨርሳት አላስተማረንም። ያለው አጭር ነው። ፍጥረት ሁሉ ይሠቃያል፤ ሥቃዩ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱን ያየ ሰው ሥቃዩን ሊያቀል ይችላል። የምንኖረው ለዚህ ነው። ለማየት፣ አይተንም ለማቅለል።”

“እኔስ ምን እያደረግሁ ነው? ወፍ ከቅርጫት አውጥቼ ሥቃይ እያቀለልኩ አይደለም?”

“ቅርጫቱ ውስጥ ማን አስገባቸው?”

“እንደገና መጣሽ!” ወይዘሮ ሲዮክቢ ጨርቁን በቁጣ ሊመልሱት ጎተቱት። እጃቸው ግን መሀል ላይ ቆመ። ከድንቢጦቹ አንዷ እግሯ ላይ ቀይ ክር ታስሮባታል።

ክሩን ያውቁታል። ሁልጊዜ ወፎቹን ከመልቀቃቸው በፊት ከአንዷ እግር ላይ ቀይ ክር ያስራሉ፤ ለጂንሆክ መልእክት እንድታደርስ። ቋጠሮውም የሩዝ ጥቅል የሚያስሩበት የራሳቸው ቋጠሮ ነው። ሁለት ዙር ሄዶ ወደ ውስጥ የሚገባ፣ ገበያው ውስጥ ሌላ ማንም የማያስረው።

“ጂንሆክ!” ብለው ጮኹ። “መልሶ ላከልኝ! አየሽ፣ መምህርት? ደርሶታል፤ መልእክቴ ደርሶታል!” እንባቸው ዱብ ዱብ አለ።

ሁዪራን እውነቱ ምን እንደሆነ ወዲያው ገብቷት ነበር፤ ግን እንዴት አድርጋ ትናገረው? ሰው ከደስታው ላይ ተገፍትሮ ሲወድቅ ከከፍታ እንደመውደቅ ነው። “አክስቴ” አለች በቀስታ፣ “መልሶ የላከው ማን እንደሆነ የሸጠልዎትን ሰው አብረን እንጠይቀው?”

ልክ በዚህ ጊዜ አውቶቡሱ ጭቃ እየረጨ መጣና ቆመ። ሹፌሩ በሩን ከፍቶ፣ “ትገባላችሁ ወይስ ትተኛላችሁ?” ሲል ጮኸ።

“ሂድ ወዲያ! ስንፈልግህ የት ነበርክ?” አሉት ወይዘሮ ሲዮክቢ፤ ቅርጫታቸውንም አንጠልጥለው በእግራቸው መንገድ ጀመሩ።

ወፎቹን የሚሸጥላቸው ያው የጂንሆክ የወንድም ልጅ ኪምታት ነው። ቤቱ ከኮረብታው ግርጌ ነው። ኮረብታው የጂንሆክ ርስት ነበር፤ ወይዘሮ ሲዮክቢ ማንጎ ይትከልበት ብለው ነው ለኪምታት የለቀቁለት። ወፎቹን በተመለከተ ደግሞ ኪምታት ሁልጊዜ የሚላቸው ከሰሜን፣ ወፍ ከሚያረቡ ሰዎች ቤት እንደሚያመጣቸው ነው። እሳቸውም ሌላ ጠይቀው አያውቁም። የምንወደውን ነገር ከየት መጣ ብለን የምንጠይቅ ስንቶቻችን ነን?

ኪምታትን ከደጁ ተቀምጦ ሸንኮራ ሲያኝክ አገኙት።

“አክስቴ! ቤተ መቅደስ የሄዱ አልነበረም እንዴ? አሚቶፎ፣ መምህርት።”

“ይህቺን ወፍ ከየት አመጣሃት?” ወይዘሮ ሲዮክቢ ቅርጫቱን አፍንጫው ሥር አስጠጉት።

“የትኛዋን? ኧረ ክር ያላትን? ይቺማ የታወቀች ናት!” ኪምታት ሸንኮራውን ተፋና ሳቀ። “ሞኝ ናት። ደጋግማ መረቡ ውስጥ ትገባለች። ለቤተ መቅደሱ ሴቶች ስንት ጊዜ እንደሸጥኳት እኔም አላስታውስም።”

“መረብ?”

“ታዲያ ወፍ በምን ይያዛል፣ አክስቴ? በልመና?”

“ከሰሜን ነው የሚመጡት ብለኸኝ አልነበረም?”

ኪምታት ራሱን አከከ። “ኮረብታው ከቤትዎ በስተ ሰሜን አይደል?” ከዚያም የወይዘሮ ሲዮክቢን ፊት ሲያይ ሳቁን ዋጠው። “አይቆጡ እንጂ! ምን ክፋት አለው? እናንተ ትለቃላችሁ፣ እኔ እይዛለሁ። እናንተ ትጸድቃላችሁ፣ እኔ እበላለሁ። ወፉ ትንሽ ይደክማል እንጂ ሌላው ሁሉ ይጠቀማል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን የሚለቅ ባይኖር እኔስ ለምን እይዛለሁ? ለመብላትማ ተከልክሏል።”

ወይዘሮ ሲዮክቢ ክው አሉ። ምላሳቸው በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከዳቸው። ቅርጫቱን ከደጁ ባለው ሸምበቆ ጥላ ሥር አስቀምጠው ኮረብታውን መውጣት ጀመሩ። መነኩሲቷ ተከተለቻቸው፤ ኪምታትም እየተነጫነጨ ከኋላ።

መረቦቹ በማንጎ ችግኞቹ መሀል ተወጥረዋል። ክራቸው ከመቅጠኑ የተነሣ ቀርበው ካላዩአቸው አይታዩም። ወፎች በክንፍና በአንገታቸው ተሰቅለዋል። አንዳንዶቹ ይንፈራገጣሉ። አንዳንዶቹ ፀጥ ብለዋል። ጂንሆክ ዱላዎቻቸውን ይተክሉ የነበረው እዚሁ ቦታ ላይ ነበር።

“እሱ ለሆዱ ያዛቸው” አሉ ወይዘሮ ሲዮክቢ፣ “እኔ ደግሞ ለጽድቄ አስያዝኳቸው። እዚሁ ኮረብታ ላይ! እሱ ቢያንስ ተከልክሎ ተወ፤ እኔን ግን ‘ደግ ሴት’ እያሉ አበረቱኝ። በየወሩ ለጂንሆክ ብዬ የጂንሆክን ሥራ ስሠራ ኖርኩ።” ወደ መነኩሲቷ ዞሩ። “አንቺ ደግሞ ይህንን አውቀሽ ነው ያመጣሽኝ! ሳላውቀው ብሞት ምን ነበረበት?”

ሁዪራን አንገቷን ደፋች። “ስለ ወፎቹ አውቄ ነበር። ስለ እርስዎ ግን አላሰብኩም። ይቅር ይበሉኝ፣ አክስቴ።”

አጠገባቸው አንዲት ድንቢጥ መረቡ ውስጥ ትንፈራገጥ ነበር። በተንፈራገጠች ቁጥር ክሩ ይጠብቅባታል። ሁዪራን ልትፈታት ሞከረች፤ ተማሪ የነበረች ጊዜ መጽሐፍ ላይ አይታው ነበር፤ ግን ክሩ ይበልጥ ተወሳሰበባት። ወይዘሮ ሲዮክቢ ትንሽ አዩአትና፣ “ዞር በይ፣ ልትገድያት ነው” አሉ። ወፏን በአንድ መዳፍ አቀፉ። በሌላው እጅ የሩዝ ጥቅል ሲያስሩና ሲፈቱ የኖሩት ጣቶች ክሩን ከጥፍሯ፣ ከክንፏ፣ ከአንገቷ አንድ በአንድ ያላቅቁ ጀመር። የድንቢጧ ልብ መዳፋቸው ውስጥ ይመታል። ያን ያህል ትንሽ አካል ያን ያህል ጠንክሮ ሊመታ እንደሚችል አያውቁም ነበር። ብዙ ወፍ ለቅቀው፣ አንዷንም እንዲህ ይዘው አላዩም። ጸሎት አላደረሱም፣ የማንንም ስም አልጠሩም። መዳፋቸውን ከፈቱ፤ ድንቢጧ ትንሽ ግር ብሏት ቆየችና በረረች።

ወይዘሮ ሲዮክቢ መሬት ላይ ተቀመጡ።

“መምህርት፣ አትዋሽኝ። ጂንሆክ የት ነው ያለው?”

“አላውቅም።”

“ከናንተ ውስጥ የሚያውቅ የለም?”

“አውቃለሁ የሚል ይኖራል። እኔ ግን አላውቅም። ይልቅስ እርስዎ ይንገሩኝ፤ በመጨረሻ ጊዜያቸው ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?”

ወይዘሮ ሲዮክቢ ሣር እየነጩ ቆዩ። “መራመድ አይችልም ነበር። መስኮቱ ሥር አስቀምጠው ነበር። አንዲት ወፍ ትመጣለች፤ ያው ድሮ ያጠምዳት የነበረች ዓይነት ወፍ። እሱ የሰጠሁትን ሩዝ አይበላም፤ ለእሷ ይበትንላታል። ‘ብላ እንጂ!’ እለዋለሁ። ‘ዝም በይ፣ ታስደነግጫታለሽ’ ይለኛል። አንድ ቀን እግሯን አይቶ አለቀሰ። ‘ሲዮክቢ፣ እግሯ እኮ የክብሪት እንጨት ነው የሚያህለው’ አለኝ። ሲያለቅስ፣ ሲዖልን ፈርቶ ነው ብዬ ነበር።” ዓይናቸውን ጠረጉ። “ፈርቶ አልነበረም እንዴ?”

“ወፏን ታስደነግጣታለች ብሎ ሚስቱን ዝም የሚያሰኝ ሰው ስለ ራሱ እየፈራ ነው ብለው ያስባሉ?”

ወይዘሮ ሲዮክቢ ሣር መንጨቱን ተዉ።

“አክስቴ፣ ‘ሰው ለምን ይኖራል?’ ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ባለቤትዎ ዕድሜያቸውን ሙሉ ወፍ ሲያዩ የሚያዩት ጥብስ ነበር። በመጨረሻ ግን ወፍ አዩ። ለዚህ ነው የምንኖረው። ሌላውን ፍጡር ‘ለኔ ምን ይጠቅመኛል’ ሳንል እንደ ራሳችን የሚያመው፣ የሚርበው፣ የሚፈራ አድርገን ለማየት። ገዳም ገብተው ተላጭተው ይህን ሳያዩ የሚሞቱ አሉ፤ እኔም ልሆን እችላለሁ። እሳቸው መስኮት ሥር ተቀምጠው አዩት። የሚሻገር ጣዕም ካለ ያ ተሻግሯል። እርስዎን ነው ያልደረሰዎት፤ ቅርጫቱ ይዞዎት።”

“እኔም ወፍ አላየሁም” አሉ ወይዘሮ ሲዮክቢ ቀስ ብለው። “እሱ ጥብስ አየ፤ እኔ ጽድቅ አየሁ።”

“አሁን ግን አዩ።”

“አሁን አየሁ። ልቧ እንዴት ይመታል፣ ልጄ!” ከዚያም አለቀሱ፤ ለቅሶው ግን የቆየ ሸክም ያወረደ ሰው ለቅሶ ነበር፤ መሀሉ ላይ ሳቅ ገባበት። “ያ ሽማግሌ! ቀድሞኝ ሄዶ፣ እኔ እዚህ እሱን ላድን እባዝናለሁ!”

ኪምታት ከኋላ ጣልቃ ገባ። “እሺ፣ ሁላችሁም ጸደቃችሁ። እኔ ምን ልብላ?”

“ማንጎ ብላ!” ወይዘሮ ሲዮክቢ ምላሳቸው ተመለሰላቸው። “ኮረብታውን የሰጠሁህ ማንጎ ትከልበት ብዬ ነው። ዛፎቹን እስካሁን በወጉ ብትንከባከብ ለአገር ይተርፉ ነበር። ና፣ ያንን ጫፍ ያዝ!”

መረቦቹን አብረው አወረዱ። በሕይወት ያሉትን ወይዘሮ ሲዮክቢ በጣቶቻቸው ፈቱ፣ የሞቱትንም ሁዪራን ቀበረች። ኪምታት ምሰሶዎቹን እየነቀለ ዕድሉን ሲያማርር ዋለ። በመጨረሻም ከሸምበቆው ሥር ያለው ቅርጫት ተከፈተ። ቀይ ክር ያላትን ወይዘሮ ሲዮክቢ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱላትና፣ “በይ፣ ከመልእክተኛነት ተሰናብተሻል” አሏት።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን መናገር ለአንባቢ ይጠቅማልና እንናገረው። በሚቀጥለው ሙሉ ጨረቃ ወይዘሮ ሲዮክቢ ቤተ መቅደስ ሄደው፣ ቅርጫት ይዘው የመጡት ሴቶች ፊት ለፊት ቆመው ያዩትን ሁሉ ነገሯቸው። አንዳንዶቹ ተቆጡ። አንዷማ፣ “አንቺ ጽድቁን ጠግበሽ ከጨረስሽ በኋላ እኛን ልትከለክይ ነው?” አለቻቸው። እሳቸውም በገበያ ቋንቋ መለሱላት፤ ያንን እዚህ መድገም አያስፈልግም። ቢሆንም ወደ ኮረብታው ተከትለዋቸው የወጡ ነበሩ፤ ያዩትም ከመናገር የበለጠ አሳመናቸው። ዛሬ በዚያች ከተማ ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ብዙዎቹ ሴቶች ቅርጫት ትተው ኮረብታውንና የወንዙን ዳርቻ ይዞራሉ። የተረሳ መረብ ካገኙ ይፈታሉ፣ የዓሣ መንጠቆና ፕላስቲክ ይለቅማሉ፣ ታሞ የተኛ ጎረቤት ካለም ሾርባ ይዘው ይጠይቃሉ። የሚገዛ ስለጠፋ የሚያጠምድም ጠፋ። ድንቢጦቹ የማንጎውን ትል ስለሚበሉ ኪምታት መርዝ መርጨት ቀነሰ። በመኸር ደግሞ ካሜራ ያነገቱ ሰዎች ከከተማ እየመጡ የሚያልፉትን ወፎች የሚያሳያቸው ይፈልጋሉ፤ ወፍ የት እንደሚያርፍ ከኪምታት የተሻለ የሚያውቅ ደግሞ የለም። አሁንም ያማርራል፤ አመሉ ነው። ሁዪራንም ብትሆን ወይዘሮ ሲዮክቢ ዘንድ እየሄደች የሩዝ ጥቅል ማሰር ተማረች፤ ቋጠሮው ግን ዛሬም ይፈታባታል።

ከሁሉ ትልቁ ጥቅም ግን በዓይን የማይታየው ነበር። ጂንሆክ በወይዘሮ ሲዮክቢ ሕልም ውስጥ ታስረው መምጣታቸውን ተዉ። አንዳንዴ ቢመጡም መስኮት ሥር ተቀምጠው ሩዝ ይበትናሉ፣ ምንም አይጠይቁም። ወይዘሮ ሲዮክቢም ስለ ባላቸው ሲያወሩ ድምፃቸው አይቀጥንም። የጂንሆክን ቀልድ፣ ግትርነት፣ ሲያንኮራፉ ጎረቤት ይቀሰቅሱ እንደነበር ለመጣው ሁሉ ያወራሉ።

የጂንሆክ ሙት ዓመት በደረሰ ጊዜ ዓሣ ሻጯ ጎረቤታቸው እጃቸው ባዶ መሆኑን አይታ ተገረመች።

“ሲዮክቢ፣ ምነው በዛሬ ቀን? ለባልሽ ምንም ሳትለቂለት ልትውይ ነው?”

“ለቀቅሁ እንጂ” አሉ ወይዘሮ ሲዮክቢ።

“ምን?”

“እሱን።”